«ያላገባ» የሚል ወረቀት

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በመጋቢት ወር፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ቤቴን ልሸጥ ወጣሁ። ልሸጥ ልበል እንጂ እውነቱን ከተናገርኩ በነጻ ላስረክብ ነበር የወጣሁት። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ እስከ ማግስቱ ዓርብ ከሰዓት ድረስ የሆነውን ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ። አንዳንዱን ስጽፈው አሁንም ያሳፍረኛል። ቢሆንም ከእናንተ መካከል አንዱ ዛሬ እኔ በነበርኩበት ቦታ ላይ ተቀምጦ ይሆናልና ይነበብ።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ ጌታሁን ይባላል። ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠርቼ፣ በመጨረሻም የክፍሉ ኃላፊ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። ሥራዬ የሌላውን ሰው ወረቀት መጠበቅ ነበር። የቅጥር ደብዳቤ፣ የዕድገት ደብዳቤ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጅ ልደት፤ ሁሉም በየፋይሉና በየቁጥሩ። በእኔ ጊዜ ፋይል ጠፋ ተብሎ አያውቅም። በዚህ እኮራ ነበር። ኩራቱ ከሥራ አልፎ ቤቴም ገብቶ ኖሯል፤ ያን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው።

የምንኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ባለ ሁለት መኝታ ቤት ነው። ዕጣው በእኔ ስም ቢወጣም ቅድመ ክፍያውን ያጠራቀመችው ባለቤቴ ዘነበች ናት። ልብስ ሰፊ ነበረች። የሰፈሩን የተማሪዎች ዩኒፎርም ሰፍታ፣ ሳንቲም በሳንቲም ላይ አድርጋ ነው ያን ቤት የገዛችው። የቀረውን ዋጋ ባንክ አበደረን፤ በየወሩ እንከፍላለን። እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንኳ የእሷ የስፌት መኪና እስከሠራ ድረስ አልከበደንም ነበር።

ከዚያ ዘነበች ታመመች። ኩላሊቷ ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ እጥበት ያስፈልጋታል ተባለ። የእኔ የአንድ ወር ጡረታ የአንድ ሳምንት እጥበት አይችልም። መጀመሪያ ያለንን ጨረስን። ቀጥሎ የስፌት መኪናዋን ሸጥን። ከዚያ የድሮ የሥራ ባልደረቦቼ ጋ ሄድኩ። ከዚያ እቁብ ገብቼ፣ አስቸኳይ ነው ብዬ ለምኜ፣ መጀመሪያ ወሰድኩ። የባንኩን ወርሃዊ ክፍያ አቆምኩ። መጨረሻ ላይ አቶ ሙሉጌታ ጋ ደረስኩ።

አቶ ሙሉጌታ ገንዘብ የሚያበድር ሰው ነው። ያገናኘኝ የሰፈራችን የቤት ደላላ ታምራት ነው። በእጄ ሁለት መቶ ሺህ ብር ተቀበልኩ፤ የፈረምኩት ውል ላይ ግን የተጻፈው አራት መቶ ሺህ ነው። በየወሩም ሌላ የሚከፈል ነበረው። አራጣ የሚለው ቃል በመካከላችን አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም።

ዘነበች በዚያ ገንዘብ አሥራ አንድ ወር ኖረች። ስለ አሥራ አንዱ ወር አልጸጸትም። ልጃችን ሰብለ መምህርት ናት፤ ቡልቡላ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ሁለት ልጆች አሏት። ከደመወዟ የምትችለውን ታዋጣ ነበር። አንድ ቀን «አባዬ፣ የቀረው ከየት ነው የሚመጣው?» አለችኝ። «መሥሪያ ቤቴ እየረዳኝ ነው» አልኳት። ደግማ አልጠየቀችኝም።

ዘነበች በጥቅምት አረፈች። ድንኳኑ ፈረሰ፣ ሰው ወደየቤቱ ሄደ፣ ዕዳው ከእኔ ጋር ቀረ። ጡረታዬ ሲገባ እቁቡ ይወስደዋል። ለሥጋ ቤቱ ስላለብኝ ወደ ግቢያችን በጀርባ በር ዞሬ እገባለሁ። የደም ግፊት መድኃኒቴን አንድ ቀን እየዘለልኩ መዋጥ ጀመርኩ። ከባንክ ሁለት ደብዳቤ መጣ። ሁለተኛው ላይ «ሐራጅ» የሚል ቃል ስላየሁ ሦስተኛውን ሳልከፍተው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። የሰው ደብዳቤ ሠላሳ አራት ዓመት ስከፍት የኖርኩ ሰው የራሴን መክፈት አቃተኝ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አቶ ሙሉጌታና ታምራት ቤቴ መጡ። አቶ ሙሉጌታ የሃምሳ ዓመት ሰው ይሆናል፤ ድምፁ ለስላሳ ነው። ወንበር ስስብለት «ኧረ ይቀመጡ፣ እርስዎ ይቀመጡ» እያለ እኔን አስቀድሞ አስቀመጠኝ።

«ጋሽ ጌታሁን» አለ፣ «እኔ እርስዎን የማይዎት እንደ አባቴ ነው። እንዲጨነቁ አልፈልግም። ግን እንነጋገር። ባንኩ ቤቱን ሐራጅ ካወጣው ለእርስዎም ለእኔም አይበጀንም። የቤቱን ሙሉ ውክልና ይስጡኝ። የባንኩን ዕዳ እኔ እዘጋለሁ። የእኔን እንተወዋለን። በእጅዎ ደግሞ ሁለት መቶ ሺህ ብር እሰጥዎታለሁ። አንድ ዓመት እዚሁ ይቀመጡ፤ ኪራይ አልጠይቅዎትም።»

ከእኛ በታች ያለው፣ ልክ የእኛን የሚያክል ቤት በዚያው ሰሞን በስንት እንደተሸጠ ሰምቻለሁ። እኔ የማገኘው ሁሉም ተደምሮ የዚያን ሩብ አይሞላም። አውቄዋለሁ። ግን ለስድስት ወር በደንብ አልተኛሁም ነበርና እኔ የፈለግሁት የቤቱን ዋጋ አልነበረም። የፈለግሁት ነገሩ እንዲያልቅ ብቻ ነው።

«ልጄስ?» አልኩ።

ታምራት ቀድሞ መለሰ። «ልጅዎን ምን ያስጨንቋታል፣ ጋሼ? ቤቱ በእርስዎ ስም ነው። ሁሉም ካለቀ በኋላ ቀስ ብለው ይነግሯታል።»

ይህን ሲል ደስ አለኝ። በጣም የማፍርበት እሱ ነው። ቤቴን ላጣ መሆኔ ሳያስጨንቀኝ ለሰብለ አለመንገሬ እፎይ አሰኘኝ።

«ነገ ሦስት ሰዓት ወሎ ሰፈር እንገናኝ» ተባባልን።

ሐሙስ ጠዋት ግራጫ ሙሉ ልብሴን ለበስኩ። ሁለት ታክሲ ቀይሬ ወሎ ሰፈር ወረድኩ። ታምራት ከአንድ ጋራዥ አጠገብ ካለ ካፌ በር ላይ ይጠብቀኛል። አቶ ሙሉጌታ ከመንገዱ ማዶ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል፤ በመስኮት እጁን አወዛወዘልኝ። ታምራት ሻይ ሊያዝልኝ ፈልጎ እምቢ አልኩ። ከዚያ ሁለታችን ወደ ውልና ማስረጃ ቢሮ ሄድን። ፎቅ ላይ ነው። ሰው ሞልቷል። ታምራት ተራ ቁጥር ይዞልኝ መጣና አንድ ቡናማ ፖስታ እጄ ላይ አስቀመጠ።

«ሁሉም ነገር እዚህ ውስጥ ተሟልቷል» አለኝ። «ሲጠሩዎት እንዲሁ መስጠት ነው። መክፈትም አያስፈልግ።»

እሱ ይህን የሚለው ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ወረቀት ሳላነብ ከእጄ አውጥቼ አላውቅም። ጥግ ላይ አንድ ወንበር አግኝቼ ተቀመጥኩና ከፈትኩት። የመጀመሪያው የቤቱ ውል ኮፒ ነው። ሁለተኛው የመታወቂያዬ ኮፒ። ሦስተኛው ኖሬበት ከማላውቅ ወረዳ የተጻፈ ማስረጃ ነው። ባለፈው ሳምንት ታምራት «ለብድሩ ፎርም ነው» ብሎ የተቀበለኝ ጉርድ ፎቶዬ ተለጥፎበታል። መጀመሪያ ያየሁት እንደ ልማዴ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ማህተሙን ነው። ሁሉም ደንበኛ ይመስላል። ከዚያ መሐሉን አነበብኩት።

«… አቶ ጌታሁን እስከ ዛሬ ድረስ ጋብቻ ያልፈጸሙ መሆናቸውን እናረጋግጣለን።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«ታምራት» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «ይሄ ምንድነው?»

«የቱ?»

«ያላገባ ይላል።»

«እሱ? እሱ ለአሠራሩ ነው፣ ጋሼ። ችግር የለውም።»

«እኔ እኮ አግብቻለሁ። ዘነበችን ታውቃታለህ። ለቅሶዋ ላይ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠሃል።»

ግራ ቀኙን አየና ጎንበስ አለልኝ። «ነፍሳቸውን ይማር። አሁን ግን የሉም አይደል? ሚስቴ ሞታለች ካሉ የሞት ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት የወራሽነት፣ የልጅዎ ፊርማ እያሉ ስድስት ወር ይፈጅብዎታል። አቶ ሙሉጌታ ደግሞ ስድስት ወር አይጠብቅም። ይቺ ወረቀት ማንንም አትጎዳም። እሳቸው እንደሆነ አይሰሙ!»

 ከእኔ በፊት አሥራ አምስት ሰው ያህል አለ። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

እዚያ ተቀምጬ ያሰብኩትን ልንገራችሁ። ሠርጋችን ትዝ አላለኝም። ወጣትነቷም ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ የሆስፒታሉ መስኮት ነው። በእነዚያ አሥራ አንድ ወራት በየመስኮቱ፣ በየካርድ ክፍሉ፣ በየገንዘብ መክፈያው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነበር። «ለበሽተኛዋ ምኗ ነዎት?» «ባሏ ነኝ» እላለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን። «ምኗ ነዎት?» «ባሏ ነኝ።» ደም ሲያስፈልጋት፣ መድኃኒት ሲጠፋ፣ ከአልጋ ወደ አልጋ ስትዛወር። የመጨረሻው ቀን ጠዋት አንድ ሰውዬ መዝገብ ይዞ መጥቶ «አስከሬኑን የሚረከበው ማነው?» አለ። «ባሏ ነኝ» ብዬ ፈረምኩ። ወፍራም ብዕር ነበር የሰጠኝ፤ እጄ ውስጥ አልያዝ ብሎኝ ፊርማዬ ፊርማዬን አይመስልም።

አሁን ደግሞ ለዚያ ሁሉ የተበደርኩትን ገንዘብ ለመክፈል ሚስት ኖራኝ አታውቅም ብዬ ልፈርም ነው። እንዲህ ከሆነ ዕዳው የማን ነው? እነዚያን መስኮቶች ሁሉ የዞረው ሰው ማነው?

ቁጥሬ ተጠራ።

መስኮቱ ላይ ያለችው መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት ናት። ከኮምፒዩተሩ ቀና ብላ «አቤት አባቴ፣ ምን ልርዳዎት?» አለችኝ።

«ውክልና።»

«የምን ውክልና?»

«የቤት።»

«የመሸጥ ሥልጣን ያለው?»

«አዎ።»

«ባለትዳር ነዎት?»

ታምራት ከኋላዬ ራሱን አስገባ። «ያላገቡ ናቸው። ማስረጃው ፖስታው ውስጥ አለ።»

«እሳቸው ይናገሩ» አለች ሳታየው። እጇን ለፖስታው ዘረጋች። «ባለትዳር ነዎት አባቴ?»

ፖስታውን ያዝኩ እንጂ አልሰጠኋትም። 

«ሠላሳ ስድስት ዓመት በትዳር ኖሬያለሁ፣ ልጄ። ባለቤቴ ከሞተች አምስት ወሯ ነው።»

እጇን መለሰች። አየችኝ፤ ከዚያ ታምራትን አየችው፤ ከዚያ ፖስታውን።

«ልጅ አላችሁ?»

«አንዲት ሴት።»

«እንግዲያው የቤቱ ግማሽ የባለቤትዎ ነው፤ የእሳቸው ድርሻ ደግሞ ለልጅዎ ይተላለፋል። ያለ እሷ ይህን ማድረግ አይችሉም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልጅዎ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ይንገሯት። ዛሬውኑ ይንገሯት፣ አባቴ» አለችና ቀጣዩን ቁጥር ጠራች።

ደረጃው ላይ ታምራት ወረቀቱን እንድመልስለት ጠየቀኝ። አጥፌ የውስጥ ኪሴ ከተትኩት። በጀግንነት አልነበረም። ወረቀት ትቶ መሄድ ስላልለመድኩ ነው።

አቶ ሙሉጌታ ከመኪናው ወርዶ መንገዱን ተሻገረ። ታምራት ሮጦ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ነገረው። ፊቱ ብዙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አጠራሩ ነው።

«ሰውዬ፣ ትቀልዳለህ እንዴ?» አለኝ። ትናንት ቤቴ ውስጥ እንደ አባቱ ያየኝ ሰው ነው። «አንተን ብዬ ሥራዬን ትቼ ቆሜያለሁ። እስከ ሰኞ አራት መቶ ሺውን ከነወለዱ ካላመጣህ አሳስርሃለሁ። ጡረታህንም አስይዤ ባዶ እጅህን አስቀርሃለሁ። ገባህ?»

«ገባኝ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

መኪናው ሄደ። ከጋራዡ በር ላይ የተጣለ አሮጌ ጎማ ነበር፤ እሱ ላይ ተቀመጥኩ። ራሴን አዞረኝ፤ ያ ቀን መድኃኒት የዘለልኩበት ቀን ነው። ከፊቴ በመንገዱ ላይ መኪኖች ይበርራሉ። እዚህ ላይ የማልጽፈው ሐሳብ መጣብኝ። ያን ሐሳብ የሚያውቀው ሰው ስለምን እንደማወራ ገብቶታል። ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ያስነሳኝ የዚያች የመስኮቷ ልጅ ንግግር ነው። የሰጠችኝ ምክር ትልቅ አልነበረም፤ ግን አንድ ነገር ነበር፤ ሊደረግ የሚችል ነገር ነው፤ ቀኑም ተቆርጦለታል፤ ዛሬ።

ቡልቡላ ስደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። የትምህርት ቤቱን ዘበኛ «የመምህርት ሰብለ አባት ነኝ» አልኩት። ለምሳ እስኪወጡ ድረስ ከቆርቆሮ ጥላው ስር ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ደወል ተደወለ። ሰብለ እጇ ላይ ጠመኔ እንዳለ ወጣች። እንዳየችኝ ሮጠች።

«አባዬ! ምን ሆነሃል? አመመህ?»

«አላመመኝም። ተቀመጪ።»

ነገርኳት። ከመጀመሪያው አልጀመርኩም፤ ከመጨረሻው ጀምሬ ወደ ኋላ ነው የሄድኩት፤ ከወረቀቱ ወደ ውክልናው፣ ከውክልናው ወደ አቶ ሙሉጌታ፣ ከእሱ ወደ እቁቡ። ሳላያት ነው ያወራሁት። 

«መሥሪያ ቤቴ እየረዳኝ ነው ብለኸኝ ነበር» አለች ስጨርስ።

«ዋሽቼሽ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ቀና ብዬ አየኋት።

«እማዬ ነግራኛለች» አለች። «አልጋ ላይ እያለች። ‹አባትሽ ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጣው አይነግረኝም፤ እኔ ብጠይቀው ይቆጣል፤ አንቺ ጠይቂው› አለችኝ። ሁለት ጊዜ ልጠይቅህ ሰሚት ድረስ መጥቼ ፊትህን አይቼ ተመለስኩ። ፈራሁህ፣ አባዬ።»

ልጄ እንደምታከብረኝ ነበር የማውቀው። ለካ ትፈራኝ ነበር። ዘነበችም ያን ሁሉ ጊዜ ታውቅ ኖሯል። መርፌው ክንዷ ላይ ሆኖ፣ ጣራውን እያየች፣ ይሄ ገንዘብ ከየት ነው የመጣው እያለች ነው የተኛችው። ሦስታችን በአንዲት የሆስፒታል ክፍል ውስጥ ስለ አንድ ነገር እያሰብን፣ አንዳችንም ቃል ሳንተነፍስ አሥራ አንድ ወር። ጎበዝ ነኝ ብዬ የያዝኩት ምስጢር ያተረፈው ይህን ነው።

ከዚያ ተቆጣች። ስትቆጣ ሳያት ገና የመጀመሪያዬ ነበር። «ቤቱን ሸጠህ መቼ ልትነግረኝ ነበር? ዕቃህን ስትጭን? የት ልትገባ ነበር?» አለች። አለቀሰች። ዘበኛው ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረልን። እንባዋን በነጭ ጋዋኗ እጅጌ ጠርጋ ከቦርሳዋ አንድ ደብተርና የተማሪ ሥራ የምታርምበትን ቀይ እስክሪብቶ አወጣች።

«ለማን ለማን ነው ያለብህ? አንድ በአንድ ንገረኝ» አለችኝ።

አምስት ይሆናሉ ብዬ ነበር። ስንቆጥር ዘጠኝ ሆኑ። ሥጋ ቤቱን ስጠራ አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። «ቀጥል» አለች፣ ለተማሪ እንደምትለው።

ዓርብ ጠዋት ፈቃድ ጠይቃ አብራኝ ባንክ ሄደች። ያልተከፈተውን ሦስተኛ ደብዳቤ ይዘን ነው። የብድር ክፍሉ ሠራተኛ ደክሞት የነበረ ጎልማሳ ሰው ነው። ፋይሌን አውጥቶ አገላበጠና «አባት፣ ለምን እስካሁን አልመጡም?» አለኝ።

«አፍሬ ነው።»

«ደብዳቤ የምንልከው እኮ እንዲመጡ ብለን ነው» አለ። በቁጣ አልነበረም። ሦስተኛውን ደብዳቤ ሰብለ እዚያው ከፈተችው። ቀርበው ቢያነጋግሩን የክፍያ ጊዜውን ማስተካከል ይቻላል ይላል። ከተጻፈ ሁለት ወር ሆኖታል። ሁለት ወር ሙሉ መሳቢያዬ ውስጥ የተኛው እሱ ነበር።

ማመልከቻ ጻፍኩ። የሐኪም ወረቀትና የሞት ማስረጃ አያይዤ እንዳቀርብ ተነገረኝ። የተጠራቀመው ክፍያ በረጅም ጊዜ እንዲበተንልኝ፣ ለጊዜው ደግሞ የተወሰነ እንድከፍል ተስማማን። የዚያን ዕለት የተከፈለውን ሰብለ ናት የከፈለችው። ደረሰኙን እጄ ላይ ስታስቀምጥ አመሰግናለሁ ማለት አቃተኝ፤ እሷም አልጠበቀችም።

ከሰዓት በኋላ ለአቅመ ደካሞች በነጻ የሕግ ምክር ወደሚሰጥበት አንድ ቢሮ ሄድን። ጠበቃው የብድር ውሉን አነበበ። ከዚያ ከውስጥ ኪሴ ያላገባ የሚለውን ወረቀት አውጥቼ ሰጠሁት። ብዙ ጊዜ አየው።

«ይህን ማን ሰጠዎት?»

ነገርኩት።

«አባቴ፣ ይህን ለመስኮቱ ሰጥተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ የተቀመጡት ለሌላ ጉዳይ ነበር» አለኝ። «በብድር ውል ብቻ ሰው አይታሰርም። ጡረታዎም ለእንዲህ ዓይነት ዕዳ አይያዝም። ሊያስፈራራዎት ነው። የተበደሩትን ይከፍላሉ፤ ያልተበደሩትን ግን አይከፍሉም። ይህን ወረቀት ደግሞ እንዳይጥሉት።»

ከቢሮው ስንወጣ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሰብለ «ምሳ በልተሃል?» አለችኝ። አልበላሁም። ከአንዲት ትንሽ ቤት ገብተን ሽሮ በላን። ከዘነበች ሞት በኋላ ምግብ ሲጣፍጠኝ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ይህም ትንሽ አሳፈረኝ።

ነገሩ እንዴት እንዳለቀ አጠር አድርጌ ልንገራችሁ። አቶ ሙሉጌታ ሰኞ አልከሰሰኝም። ጠበቃው ደውሎለት ስለ ውሉም ስለ ወረቀቱም ሲያነሳበት ሽማግሌ ይግባ አለ። ሁለት ሽማግሌዎች ባሉበት፣ በእጄ የተቀበልኩትን ሁለት መቶ ሺህ ብርና ጠበቃው ሕጉ ይፈቅዳል ያለውን ወለድ፣ የከፈልኩት ተቀንሶ፣ በየወሩ እንድከፍል ተፈራረምን። ያን ቀን መልሶ ጋሽ ጌታሁን ብሎ ጠራኝ። 

ቤቱን አልሸጥነውም። ለአንድ ወጣት ባልና ሚስት አከራየነው። ኪራዩ የባንኩንና የአቶ ሙሉጌታን ይሸፍናል። እኔ ቡልቡላ፣ ከሰብለ ትምህርት ቤት አጠገብ፣ አዴ ጫልቱ የሚባሉ እናት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። አዴ ጫልቱ ይህ ሁሉ ሕንፃ ሳይበቅል ከባላቸው ጋር እዚሁ ያርሱ የነበሩ ሴት ናቸው። በገባሁ በሳምንቱ በር ላይ ተቀምጠን «ቤት አለህ አሉኝ። ታዲያ ምነው እኔ ጋ መጣህ?» ብለው ጠየቁኝ። ድሮ ቢሆን አንድ ነገር ፈጥሬ እመልስ ነበር። «ዕዳ አለብኝ፣ ቤቱ ዕዳዬን እየከፈለልኝ ነው» አልኳቸው። «እሺ» አሉ፤ ከዚያ ዝናቡ ዘንድሮ እንደዘገየ አወሩኝ። ያን ያህል ቀላል ነበር።

ሁሉም አልተስተካከለም። የእቁቡ ሰብሳቢ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም፤ መጀመሪያ ወስጄ ክፍያውን ስላጓተትኩበት እውነቱን ነው። ከዘጠኙ አንዱ፣ ለሠላሳ ዓመት ጠረጴዛችን ትይዩ የነበረ ባልደረባዬ፣ ገንዘቡን ሳልመልስለት ሞተ። ለሚስቱ በአራት ጊዜ ከፍዬ ጨረስኩ። ለቅሶው ቤት ሄጄ ግን ፊት ለፊት መቀመጥ አልቻልኩም፤ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ ወጣሁ። በሕይወት እያለ ሄጄ «ዘግይቻለሁ፣ ግን እከፍልሃለሁ» ብዬው ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት? እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

አንባቢዎቼ፣ በተለይ እንደ እኔ ጡረተኛ የሆናችሁ፣ የምለምናችሁ ነገር አለኝ። ገቢያችን አይጨምርም፤ ዕድሜያችንም አይመለስም። ዕዳ ሲመጣብን ወጥተን ሌላ ሥራ አንይዝም። ያለን አማራጭ ጥቂት ነው። ዝም ስንል ደግሞ ያም ይጠፋል። ያልከፈታችሁት ደብዳቤ ካለ ዛሬ ክፈቱት። ካቃታችሁ ልጃችሁን ወይም ጎረቤታችሁን ክፈትልኝ በሉት። ሳታነቡ አትፈርሙ፤ ያነበባችሁት ሕይወታችሁን የሚክድ ከሆነ ደግሞ ተነሱና ውጡ። ልጆቻችን እንዳይጨነቁ ብለን የምንደብቃቸው ነገር ቀድሞውኑ ሳያስጨንቃቸው አይቀርም። እኔ ልጄን ከጭንቀት ጠበቅኋት ብዬ ስኮራ ብቻዋን ነበር ያስጨነቅኋት።

ዕዳዬ ዛሬም አላለቀም። ባለፈው ወር ሰብለ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔ ጋ ጎራ አለች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀችና እግሯን እያሸች «አባዬ፣ ለዚያ ሰውዬ ስንት ቀረን?» አለችኝ።

ስንት ቀረን ነው ያለችው። 

«ዓመት ከአራት ወር» አልኳት።

«እንጨርሰዋለን» አለችና ጫማዋን መልሳ አደረገች፤ ልጆቿ ይጠብቋት ነበር።